የገንዳ ዙሪያ ሰያፍ ሴራሚክ፦ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ይጨረስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት መታጠቢያ ቤቴን ሳሳድስ በገንዳው ዙሪያ ያለው ሴራሚክ በሰያፍ እንዲነጠፍ ፈለግሁ። ባለሙያው እጁ የተባረከ ሰው ነበር፤ ሥራውን ግን ከግራ ጥግ ጀመረ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ ዓይን ይስብ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቀኝ ጥግ ሲደርስ የቀረው ቦታ አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። እዚያ የሚገቡት የሳምቡሳ ጫፍ የሚያህሉ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው፤ ግማሾቹ ሲቆረጡ ተሰበሩ፣ የተረፉትም ተንጋደው ገቡ። በግራ በኩል የተስተካከሉ ግማሾች፣ በቀኝ በኩል ስብርባሪ። ጥፋቱ የእጅ አልነበረም፤ ቀድሞ ያልተቆጠረ ሥራ ስለነበረ ነው።

ሸማኔ ጥለት የሚያወጣው ክሩን ቆጥሮ ነው። አልማዝ መሳዩ ቅርጽ ዳር ላይ ተቆርጦ እንዳይቀር ገና ሳይጀምር ያውቃል። ሰያፍ ሴራሚክም የሚፈልገው ይህንኑ ቆጠራ ነው። ከታች የምጽፈው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ሰያፍ ሥራ የሚለካው በሴራሚኩ ጎን አይደለም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባለው ሰያፍ ልኩ ነው። ሰያፍ ልኩ ግድግዳውን በትክክል ካላካፈለ ደግሞ ትርፉን የሚውጥ ክፈፍ ያስፈልጋል።

ሴራሚኩን መምረጥና መለካት

አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሴራሚክ ይምረጡ። ባለ 25 በ40 ወይም ባለ 30 በ60 የግድግዳ ሴራሚክ በሰያፍ ቢነጠፍ የአልማዝ ቅርጽ አይሰጥም። መጠኑም ከግድግዳው ጋር ይመዛዘን። የገንዳው አጭር ጎን አብዛኛውን ጊዜ 70 ሴ.ሜ ነው፤ ባለ 30 ሴ.ሜ ሴራሚክ እዚያ ላይ አንድ ተኩል አልማዝ ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለውም። ለእኔ ከ10 እስከ 20 ሴ.ሜ ያለው ነው የሚስማማው።

ካርቶኑ ላይ 20 በ20 ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ 20 ነው ብለው አይመኑ። አምስት ሴራሚኮችን ወለል ላይ በቀጥታ መስመር ይደርድሩ፤ በመካከላቸው በሥራው ላይ የሚጠቀሙበትን የፕላስቲክ መስቀል ያስገቡ፤ ከመጀመሪያው ሴራሚክ ግራ ጠርዝ እስከ አምስተኛው ቀኝ ጠርዝ ከለኩ በኋላ አንድ የመስቀል ውፍረት ይጨምሩና ለአምስት ያካፍሉ። የሚያገኙት የአንድ ሴራሚክ ጎን ከነክፍተቱ ነው። ይህን በ1.414 ሲያባዙት ሰያፍ ልኩን ይሰጥዎታል። በትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ሕግ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

በ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲሰላ ባለ 10 ሴ.ሜው ሴራሚክ 14.6፣ ባለ 15ቱ 21.6፣ ባለ 20ው 28.7፣ ባለ 30ው 42.8 ሴ.ሜ ሰያፍ ልክ አለው። ከዚህ በኋላ በምሳሌነት የምጠቀመው ባለ 20ውን ነው። ሁለት ቁጥሮች ይያዙ፦ 28.7 ሙሉ ሰያፍ፣ 14.35 ግማሽ ሰያፍ።

ግድግዳውን መፈተሽ

ልስኑ ቀጥ ማለቱን በቱንቢ፣ አግድሙን በውሃ ልክ ይዩ። ጥጉ ቀጥተኛ ማዕዘን መሆኑን ለማወቅ ከጥጉ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴ.ሜ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 100 ሴ.ሜ ከሆነ ጥጉ ልክ ነው። ልስኑ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተጣመመ በማጣበቂያ አስተካክላለሁ አይበሉ፤ ለሳኙን ይጥሩ።

የገንዳውን ከንፈር በጭፍን አይመኑት። ብዙ ጊዜ በአንዱ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። አግድም መስመሩን ከገንዳው ላይ ሳይሆን ከውሃ ልክ ይውሰዱ። ሦስቱን ግድግዳዎች በአንድ መስመር ለማገናኘት ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ የሞላ ነጭ ቱቦ ከማንኛውም መሣሪያ የማያንስ ነው።

ከሴራሚኩ ሥር ያለው ነገርም ይታሰብበት። ብሎኬት ላይ የተለሰነ ግድግዳ ከሆነ ውሃ የማያሳልፍ ሲሚንቶ ነክ ቅብ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ ይድረቅ። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ቤታቸው በእንጨት አውታር ላይ ጂፕሰም ቦርድ የተመታበት ሊሆን ይችላል፤ ተራ ጂፕሰም ውሃ ሲያገኘው ይላላልና ገንዳው ዙሪያ በሲሚንቶ ቦርድ መተካት አለበት።

የሚታየው ስፋት

እዚህ ላይ ልምድ ያላቸው ሰዎችም ይሳሳታሉ። ገንዳው 170 በ70 ነው እንበል፤ የጀርባው ግድግዳም 170 ሴ.ሜ ነው። ሥራው ሲያልቅ ግን 170 አይታይም። የጎን ግድግዳዎቹ ሴራሚክ ከነማጣበቂያው 1.2 ሴ.ሜ ያህል ውፍረት ስላለው በግራም በቀኝም ያን ያህል ይሸፍናል። የሚታየው 167.6 ነው። ባለሙያዎ በሲሚንቶና አሸዋ የሚለጥፉ ከሆነ ውፍረቱ ከዚህ ስለሚበልጥ አስቀድመው ይጠይቋቸውና ሒሳቡን በእሱ ይሥሩ። ያለ ክፈፍ ሲሠራ አንድ ሴንቲ ሜትር ስህተት ሙሉውን ዳር ያበላሻል።

አሁን የሚታየውን ስፋት ግማሽ ይውሰዱና በግማሽ ሰያፍ ያካፍሉ። 83.8 ለ14.35 ሲካፈል አምስት ደርሶ 12 ሴ.ሜ ገደማ ይተርፋል። ትርፉ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ዳሩ ሁሉ በተስተካከሉ ግማሾች ያልቅ ነበር። ትርፉ በጣም ትንሽ ሲሆን ዳሩ ላይ የሚቀሩት ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ትርፉ ወደ 14 ሲጠጋ ደግሞ የአልማዞቹ ሹል ጫፍ ብቻ ተሸርፎ ይታያል፤ ከሩቅ ሲያዩት ስህተት ይመስላል። የእኔ ገንዳ 150 ነበር፤ የሚታየው 147.6፣ ግማሹ 73.8፣ ከአምስት ግማሽ ሰያፎች በኋላ የሚተርፈው 2 ሴ.ሜ። ከመሐል ቢጀመር በሁለቱም ጥግ 2 ሴ.ሜ፣ ከጥግ ሲጀመር በአንዱ ጥግ 4 ሴ.ሜ። ባለ 20 ሴራሚክ ለዚያ ግድግዳ ያለ ክፈፍ አይሆንም ነበር፤ ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ክፍተቱን ከ3 ወደ 2 ሚሊ ሜትር በማጥበብ ችግሩን እፈታለሁ የሚሉ አሉ። በአምስት ሰያፍ ላይ የሚገኘው ለውጥ ሰባት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ክፈፉ

መፍትሔው በሰያፍ የሚነጠፈውን መሐል የሰያፍ ልኩ ብዜት ማድረግና የተረፈውን በቀጥታ በሚነጠፍ ክፈፍ መሙላት ነው። በምሳሌያችን የጀርባው ግድግዳ መሐል አምስት ሰያፍ ይሁን፦ 143.5 ሴ.ሜ። ከ167.6 ሲቀነስ 24.1 ይተርፋል፤ በየጎኑ 12 ሴ.ሜ። ባለ 20ው ሴራሚክ ክፍተቱ ታስቦ ወደ 12 ሴ.ሜ ተቆርጦ በቀጥታ ይገባል። ላይና ታችም ተመሳሳይ 12 ሴ.ሜ ቢሰጠው ከገንዳው ከንፈር በላይ 167.6 ሴ.ሜ ይሆናል፤ ግድግዳው ፍጹም ካሬ ሆነ ማለት ነው። ገንዳው 57 ሴ.ሜ ከፍታ ካለው ሴራሚኩ ከወለል 225 ሴ.ሜ ገደማ ላይ ያልቃል፤ ከመታጠቢያው ራስ በላይ ስለሚሆን ውሃው ልስኑን አያገኘውም።

ጎኖቹን እንይ። ከጀርባው ሴራሚክ ፊት ጀምሮ 12 ሴ.ሜ ክፈፍ፣ ከዚያ አንድ ተኩል ሰያፍ ማለትም 43 ሴ.ሜ፣ ከዚያ በውጭው በኩል ያልተቆረጠ ሙሉ ሴራሚክ ከነክፍተቱ 20.3። ድምሩ 75.4 ነው፤ የጀርባው ውፍረት ሲጨመር ከልስኑ 76.6። ሴራሚኩ ከገንዳው ፊት በ6.6 ሴ.ሜ ወጣ ይላል። ይህ ትርፍ መስሎ እንዳይታይዎ፤ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ውሃ በገንዳው ፊት ጥግ ይንጠባጠባልና ያቺ ወጣ ያለች ዳር እስከ ወለሉ ድረስ ብትወርድ ግድግዳው ከርጥበት ይድናል። ገንዳዎ 150 ከሆነ አራት ሰያፍ ይውሰዱ፤ በየጎኑ 16.4 ሴ.ሜ ክፈፍ ይተርፋል፤ እሱም ያምራል።

የክፈፉ ቀለም ከመሐሉ ቢለይ አልቃወምም። ሆኖም አንድ ዓይነት ሴራሚክ ተጠቅመው አቅጣጫውን ብቻ ቢለውጡ የበለጠ ደስ ይላል፤ ዓይን መስመሩን ራሱ ያገኘዋል።

በሒሳብ ደብተር ላይ መሣል

ይህንን ደረጃ እባክዎ አይዝለሉት። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ያውጡ። አንዱ ትንሽ ካሬ ግማሽ ሰያፍ፣ 14.35 ሴ.ሜ፣ ነው ብለው ይወስኑ። የጀርባው መሐል አሥር ካሬ በአሥር ካሬ ሆነ፤ እያንዳንዱ ጎን ደግሞ ሦስት በአሥር። ከታች ግራ ጥግ ይጀምሩና በእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ መስመር ይሥሩ፤ አንዱ ወደ ቀኝ ካጋደለ ከጎኑና ከላዩ ያሉት ወደ ግራ ያጋድሉ። ሳይታገሉ አልማዞቹ ብቅ ይላሉ። ፕሮትራክተር አያስፈልግም።

ሦስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ጥጎቹ ላይ የሚገናኙት ግማሾች በአንድ ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው፤ የጀርባው ግማሽ ሹሉ ባለበት ከፍታ የጎኑም ሹል እዚያው ይሁን። ያን ጊዜ መስመሩ ጥጉን ዞሮ የሄደ ይመስላል። ይህ ካልሆነ የጎኑን ሥዕል በአንድ ካሬ ወደ ላይ ያንሸራትቱ።

ቀጥሎ የቧንቧውን ቦታ ሥዕሉ ላይ ያስገቡ። ግድግዳ ላይ የሚገጠም የሙቅና ቀዝቃዛ ማደባለቂያ ሁለቱ ቀዳዳዎቹ ከመሐል እስከ መሐል 15 ሴ.ሜ ይራራቃሉ። የአንድ አልማዝ መሐል በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ቢያርፍ ሁለቱም በአንዱ ሴራሚክ ውስጥ ይገባሉ፤ ከጠርዙም በቂ ርቀት ይኖራቸዋል። ቀዳዳው ሹሉ ጫፍ ላይ ከወደቀ ግን ሴራሚኩ ሲበሳ ይሰነጠቃል። ልስኑ ገና ካልተሠራ የቧንቧ ሠራተኛውን ጠርተው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማስነሣት ይቻላል። ከሥዕሉ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ሴራሚኩ ከተለጠፈ በኋላ ቧንቧ አይነሣም።

ስንት ሴራሚክ ይግዙ?

ከሥዕሉ ላይ ይቁጠሩ። የጀርባው መሐል 40 ሙሉና 20 ግማሽ ይፈልጋል። ሁለቱ ጎኖች በአንድ ላይ 18 ሙሉ፣ 22 ግማሽና 4 ሩብ። ግማሾቹ ጥንድ ጥንድ ከአንድ ሴራሚክ ስለሚወጡ የሦስቱም መሐል 80 ሴራሚክ ነው። ለክፈፉ 75 ያህል ይጨምሩ። ድምሩ 155።

የተለመደው ምክር የግድግዳውን ስፋት ወስዶ ለሰያፍ ከ15 እስከ 20 በመቶ መጨመር ነው። በዚህ ግድግዳ ላይ ስፋቱ 5.34 ካሬ ሜትር ነው፤ 20 በመቶ ሲጨመር 6.4፤ ማለትም 160 ሴራሚክ። ለስብራት የሚተርፈው አምስት ብቻ! ክፈፉ ሲቆረጥ ብዙ ስለሚጥል ነው። ስለዚህ ከቆጠራው ላይ አሥር በመቶ ያህል ይጨምሩ። ካርቶኑ 25 ፍሬ የሚይዝ ከሆነ ሰባት ካርቶን ይግዙ፤ ገንዳው ፊት እስከ ወለል ለሚወርዱት ሁለት ዳሮችም ይበቃል። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ ካርቶኖቹ ላይ ያለው የቀለም መለያ አንድ መሆኑን አይተው ይውሰዱ። በሳምንቱ ተመልሰው የሚገዙት ካርቶን ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ሊለይ ይችላል።

ግድግዳው ላይ ማስመር

የገንዳውን ከንፈር ከፍተኛ ቦታ ይፈልጉ፤ ከዚያ 12 ሴ.ሜ ወደ ላይ ቆጥረው በሦስቱም ግድግዳዎች ላይ አግድም መስመር ያስምሩ። ከንፈሩ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ የታችኛው ክፈፍ 12 ሳይሆን 12.5 ሆኖ ይቆረጣል፤ ማንም አያየውም። ከዚያ በጀርባው ግድግዳ መሐል ላይ ቱንቢ ጥለው የቁም መስመር ያውርዱ።

የሰያፉን መስመር ለማግኘት መስመሮቹ ከተገናኙበት ነጥብ 50 ሴ.ሜ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ነጥብ ደግሞ በቱንቢ 50 ሴ.ሜ ወደ ላይ ይለኩ። የመጀመሪያውን ነጥብ ከመጨረሻው ጋር ሲያገናኙ 45 ዲግሪ ነው። ርዝመቱ 70.7 ሴ.ሜ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ከሁለቱ አንዱ ልኬት ተሳስቷል። በግራም ይድገሙት። የጎን ግድግዳዎቹን መስመር የጀርባው ሴራሚክ ካለቀ በኋላ ብቻ ያስምሩ፤ የሚለካው ከእሱ ፊት ነውና።

አነጣጠፉ

ሰያፍ ሴራሚክ በሹሉ ስለሚቆም ሥሩ ድጋፍ ካላገኘ ይንሸራተታል። ግድግዳው ላይ እንጨት በምስማር መምታት ግን ውሃ መከላከያውን ይበሳዋል። የታችኛውን ክፈፍ በመጀመሪያ ያስለጥፉና አንድ ቀን ይደርበት፤ ድጋፉ እሱ ይሆናል። ክፈፉ ከገንዳው ከንፈር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ይቁም።

በማግሥቱ አምስት ግማሾች ረጅም ጎናቸው ወደ ታች ሆኖ ክፈፉ ላይ ይቀመጣሉ፤ የመሐለኛው ሹል በትክክል የቁም መስመሩ ላይ ይረፍ። በግማሾቹ መካከል ባሉት ሸለቆዎች አራት ሙሉ ሴራሚኮች ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሴራሚክ በሥሩ ባሉት ሁለቱ ላይ ያርፋል። በየሁለት ረድፉ ሹሎቹን በውሃ ልክ ይፈትሹ። መሐሉ ሲያልቅ የጎንና የላይ ክፈፍ ይከተላል፤ ከዚያ የጎን ግድግዳዎቹ።

ግማሾቹን ሁሉ ሥራው ሳይጀመር አስቆርጠው ያዘጋጁ። በአልማዝ ዲስክ ሲቆረጥ ዲስኩ የሚበላው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ለክፍተቱ የሚያስፈልገውን ስለሚተካ ሁለቱም ግማሾች ይገጥማሉ። የተቆረጠው ጎን ወደ ክፈፉ፣ የፋብሪካው ጠርዝ ወደ መሐል ይሁን። ቆራጩ የዓይን መከላከያና ጭንብል ያድርግ፤ ዲስኩም በውሃ ይርጠብ፤ የሴራሚክ አቧራ ሳንባ ይጎዳል።

ክፍተቶቹ ሲሞሉ የግድግዳዎቹ ጥግና የገንዳው ከንፈር በሲሚንቶ አይሞሉ፤ ይሰነጠቃሉ። እነዚህ የሲሊከን ቦታዎች ናቸው። ሲሊከኑን ከመቀባትዎ በፊት ገንዳውን ውሃ ይሙሉት፤ በተለይ የአክሪሊክ ገንዳ በክብደት ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ሲሊከኑ ደርቆ ከመጣበቁ በፊት ውሃውን አይልቀቁ።

ከባለሙያው ጋር የሚነጋገሩት ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይሁን። ሰያፍ ሥራ ከቀጥታው ይልቅ መቁረጥ ይበዛበታልና በካሬ የሚከፈለው ዋጋ ከፍ ቢል ተገቢ ነው፤ በዚህ አይከራከሩ። በምትኩ ደብተሩን ያሳዩ፤ አንዱን ረድፍ ወለል ላይ ያለ ማጣበቂያ አብራችሁ ደርድሩ፤ ሥዕሉን ግድግዳው አጠገብ ይለጥፉት። «ግዴለም፣ እኔ በዓይኔ አስተካክለዋለሁ» ካለዎት ማጣበቂያው አይበጥበጥ።

ሲያልቅ የተረፉትን ሴራሚኮች ለማንም አይስጡ። የቀለም መለያው ያለበትን የካርቶን ቁራጭ ቀድደው ከነሱ ጋር አስረው ያስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧ ፈንድቶ ግድግዳው ቢከፈት የሚተካው ሴራሚክ ሌላ ቦታ አይገኝም።